በቡሳን የሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት መታሰቢያ መካነ መቃብር፦ ለኢትዮጵያዊ ጎብኚ

ደቡብ ኮሪያ፣ ቡሳን ከተማ ለሚደርስ ኢትዮጵያዊ ከባሕር ዳርቻውና ከዓሣ ገበያው አስቀድሞ ይህን መካነ መቃብር እንዲያይ አጥብቄ እመክራለሁ። በሁለተኛው የምድር ውስጥ ባቡር መስመር ዴዮን ጣቢያ ወርዶ ጥቂት በእግር መሄድ በቂ ነው። መግቢያው ነጻ ነው፤ ከጎብኚው የሚጠበቀው ጨዋ አለባበስና ጸጥታ ነው።

ቦታው የተመሠረተው የኮሪያ ጦርነት በተፋፋመበት በ1951 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ በዚያን ዘመን ወደ 11,000 የሚጠጋ አስከሬን አርፎበት ነበር። አብዛኞቹ በኋላ ወደየአገራቸው ስለተወሰዱ ዛሬ ያሉት ከ2,300 ጥቂት የሚበልጡ መቃብሮች ናቸው፤ የእንግሊዝና የቱርክ ወታደሮች ይበዛሉ። ግቢውን አቋርጦ የሚያልፈው ቀጭን የውኃ መስመር የተሰየመው በ17 ዓመቱ በወደቀ አውስትራሊያዊ ወታደር ስም ነው። እዚያ ጋ ታናሽ ወንድሜ ትዝ አለኝና ለመራመድ ጊዜ ወሰደብኝ።

የኢትዮጵያዊ መቃብር ግን እዚህ የለም፤ በጦርነቱ የተሰለፈው የኢትዮጵያ ጦር የሆነው የቃኘው ሻለቃ ሰማዕታት አፅም ወደ አገሩ ተመልሷል። እኔ ይህን ሳላውቅ ሄጄ ከመቃብር መቃብር ስፈልግ ቆየሁ። የፈለግሁትን ያገኘሁት በ2006 እ.ኤ.አ. በተሠራው የመታሰቢያ ግድግዳ ላይ ነው። ከ40,896ቱ ስሞች መካከል 122ቱ የእኛ ናቸው። በራስ መኮንን የፈረስ ስም የተጠራው ሻለቃ በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነስቶ፣ ጅቡቲ ላይ መርከብ ተሳፍሮ የወረደው በዚሁ በቡሳን ወደብ ነበርና፣ ስማቸው እዚህ መቀረጹ ተገቢ ቦታውን ያገኘ መስሎ ተሰማኝ። ስሞቹ በላቲን ፊደል ስለተጻፉ ዐይን ቶሎ አይለምዳቸውም፤ ጣቴን በጥቁሩ ድንጋይ ላይ እያስኬድኩ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ሳነባቸው ግን አንድ በአንድ የሰፈራችን አባቶች ስም ሆኑ።

የወሰደኝ አስጎብኚ ድርጅት ለዚህ ሁሉ የመደበው ግማሽ ሰዓት ብቻ ነበር፤ በማግስቱ ብቻዬን ተመልሼ ሁለት ሰዓት ቆየሁ። ስለዚህ በቡድን መሄድን አልመክርም። በኖቬምበር 11 ቡሳን የሚገኝ ሰው ከረፋዱ 5 ሰዓት ላይ ለሟቾቹ በሚደረገው የአንድ ደቂቃ የኅሊና ጸሎት ላይ መገኘት ይችላል።

ስለ ዘመቻው ሰፋ ያለ ማብራሪያ የሚሻ፣ ከሴኡል በባቡር ወደ ቹንቾን ይሂድ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1968 እ.ኤ.አ. የመረቁት ሐውልትና በጎጆ ቤት አምሳል የተሠራው የኢትዮጵያ ዘማቾች መታሰቢያ አዳራሽ የሚገኙት እዚያ ነው። ስሞቹን ረጋ ብሎ ለማንበብ ግን ቡሳንን አስበልጣለሁ። በዘመቻው የወደቀ ዘመድ ያለው ሰው ስሙን ከነአባቱ፣ በላቲን ፊደል ሊጻፍ በሚችልባቸው መንገዶች ሁሉ በወረቀት ላይ አስፍሮ ይያዝ፤ «ገብረ» የሚለው ስም ብቻ እንኳ ከአንድ በላይ አጻጻፍ አለው።