እንግዳ ደራሽ፤ የትኛውን አስቂኝ የሥዕል መጽሐፍ እንግዛ?

እንግዳ ስለመቀበል የተጻፉ አስቂኝ የሥዕል መጻሕፍት ከላይ ሲታዩ መንትያ ይመስላሉ፤ ሽፋኑ ላይ በር አለ፣ በሩ ላይ ያልተጠበቀ እንግዳ ቆሟል። ልዩነቱ የሚታየው ሲገለጡ ነው። ጅማ ውስጥ ካንዱ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ቆማችሁ ከሁለት አንዱን ለመምረጥ ካመነታችሁ መሀሉን ግለጡ። የተለመደው መጠን 32 ገጽ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ገጾች በርዕስና በአሳታሚው መረጃ ስለሚያዙ ጨዋታው የሚደራው ከገጽ 10 እስከ 20 ባለው ነው። እዚያ ላይ አንድ ነገር አጣሩ፦ የሚሳቀው በማን ነው? በእንግዳው ብቻ ከሆነ ሥዕሉ የቱንም ያህል ቢያምር ወደ መደርደሪያው መልሱት።

ከ3 እስከ 4 ዓመት ላለ ልጅ በላተኛ እንስሳ የሚመጣበትን ዓይነት የሚያህል የለም። ዝሆን ወይም አንበሳ «ቤት ለእንግዳ» ብሎ ይገባል፤ መጀመሪያ ሳህኑን፣ ቀጥሎ ሞሰቡን፣ ከዚያ የውኃውን በርሜል ሙልጭ ያደርጋል። ልጁን የሚያስቀው መደጋገሙና መጠኑ እየጨመረ መሄዱ ነው። ስለዚህ የገጹ አደራረግ ወሳኝ ነው፦ «ከዚያስ ምን በላ?» የሚለው በቀኝ ገጽ ግርጌ፣ መልሱ ደግሞ ገጹ ሲገለጥ መገኘት አለበት። ጥያቄና መልስ ፊት ለፊት የታተሙበት መጽሐፍ ቀልዱን ቀድሞ ያባክናል፤ ልጁ ሥዕሉን አይቶ ጨርሶ እናንተ ገና ታነባላችሁ።

የዚህ ዓይነቱ ድክመት መጨረሻው ላይ ነው። እንስሳው ተባሮ በሩ ከተቆለፈ፣ ልጁ የሚይዘው «እንግዳ ቤት ያራቁታል» የሚለውን ነው። ባለቤቶቹ ለሚቀጥለው ጊዜ ሰፋ ያለ በርጩማ አሠርተው የሚጠብቁበት ይሻላል (ጅማ ላይ ደግሞ በርጩማ ማሠራት አይቸግርም)። እንግዳው ጅብ ከሆነ ቀን ቀን አንብቡት፤ ጅብ በሚጮህበት ሰፈር ማታ ሲነበብ ለ3 ዓመት ልጅ ቀልድነቱ ይቀራል።

ብልጥ መንገደኛ የሚመጣበት ዓይነት ለ5 ዓመትና ከዚያ በላይ ነው። መነሻው በአውሮፓ በብዙ አገር የሚነገረው የድንጋይ ሾርባ ተረት ነው፤ አንዱ ጋ ድንጋይ፣ ሌላው ጋ ምስማር፣ ሩሲያ ውስጥ መጥረቢያ ይቀቀላል። መንደሩ ምግብ የለንም ብሎ ይከለክለዋል፤ እሱም ድንጋዩን ጥዶ «ጣፍጧል፣ ትንሽ ሽንኩርት ብትኖር ግን…» እያለ ከየቤቱ ያስወጣል። እዚህ የሚሳቀው በእንግዳው ሳይሆን በንፉግ ባለቤቶች ነው፤ በዚህ ከሁሉም ይበልጣል። ሆኖም ቀልዱ ልጁ ሁለት ነገር አንድ ላይ እንዲይዝ ይጠይቃል፦ መንገደኛው የሚያውቀውንና መንደርተኛው የማያውቀውን። ለ3 ዓመት ልጅ ቢነበብ «ድንጋይ ይበላል?» ይልና ነገሩ እዚያው ይቆማል። ሲገዙ የሚታየው ሥዕሉ ነው፤ ሴትዮዋ «የለኝም» ስትል ከጀርባዋ የሽንኩርት ጉንጉን መታየት አለበት። ካልታየ ጽሑፉ ማብራራት ይጀምራል፣ የተብራራ ቀልድ ደግሞ አያስቅም። መንገደኛው አታሎ ከሚሄድበት ይልቅ ሁሉም ከአንድ ማዕድ የሚቆርሱበትን ምረጡ።

ሦስተኛው፣ ልማድ የማያውቅ እንግዳ የሚመጣበት፣ ጥሩውና መጥፎው በጣም የሚራራቁበት ነው። አቦልን ጠጥቶ ሊሄድ ይነሳል፤ ቶናና በረካ እንደቀሩ አያውቅም። መልካሙ መጽሐፍ ሁለቱንም ወገን ያሳስታል፦ እንግዳው ይነሳል፣ አስተናጋጇም ጉንጩ እስኪያብጥ ጉርሻ ስትደራርብ «በቃኝ» ማለቱ አይገባትም። መጥፎው በአነጋገሩ፣ በልብሱና በጠጉሩ ያስቃል። መለያው ቀላል ነው፤ ባለቤቱ አንድ ጊዜ እንኳ ሲሳሳት ካላገኛችሁ አትግዙት። ሔርማታ ከጥንት ጀምሮ የሲራራ ነጋዴ የሚገናኝበት ገበያ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ደግሞ ከየክልሉ ተማሪ ያመጣል። ጅማ ያለ ልጅ አነጋገሩ ለየት ያለ የክፍል ጓደኛ አያጣም፣ ከመጽሐፉ የተማረውን ሳቅ የሚሞክረው እሱ ላይ ነው።

ሦስቱንም የሚመለከት አንድ ጥንቃቄ አለ። ልጁ ብቻውን በር ከፍቶ የማያውቀውን ሰው የሚያስገባበት ታሪክ፣ ወላጅ ሁልጊዜ ከሚለው ጋር ይጋጫል። እናት፣ አያት ወይም ጎረቤት በሥዕሉ ውስጥ አብረው ካሉ ችግሩ የለም፤ እንግዳ የሚቀበለው ቤተሰቡ ነው።

ቋንቋውን በተመለከተ፣ በቤት አማርኛ፣ በትምህርት ቤት አፋን ኦሮሞ ለሚጠቀም ልጅ ሁለት ቋንቋ የያዘ መጽሐፍ ይጠቅማል፣ አቀማመጡ ከተስተካከለ። ቁቤ (አፋን ኦሮሞ የሚጻፍበት የላቲን ፊደል) አናባቢን ለብቻው ስለሚጽፍ ሰፊ ቦታ ይወስዳል፤ በፊደል ሁለት የሆነችው ቡና በቁቤ አራት ትሆናለች። አሳታሚው ለሁለቱም እኩል ቦታ ከሰጠ አንደኛው ጽሑፍ ይጨናነቃል። ለጀማሪ አንባቢ ከ18 ነጥብ ያነሰ ፊደል አይመከርም፤ ነ እና ኘ፣ ሰ እና ሸ፣ ተ እና ቸ የሚለያዩት በአንዲት ጭረት ነው፣ ጭረቷ በጥቁር ሥዕል ላይ በነጭ ከታተመች ደግሞ ትጠፋለች። ቃል አልባ መጽሐፍ ከዚህ ሁሉ ያሳርፋል፤ አያት በኦሮምኛ፣ አባት በአማርኛ ይተርኩታል። ለብቻው ማንበብ ለሚለማመድ ልጅ ግን አይሆንም።

የአሠራሩ ነገር ጅማ ላይ ከብዙ ከተሞች ይከብዳል፤ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ይጥላል፣ ወረቀት ደግሞ እርጥበት ይመጥጣል። በስፒል የተያዘ ስስ መጽሐፍ ርካሽ ነው፣ ጠፍጣፋ ሆኖም ይዘረጋል፤ ስፒሉ ከዛገ ግን መሀለኛው ቅጠል ቀድሞ ይወድቃል። በሙጫ የተጠረዘው አምሮ ይቆማል፤ እስከ መጨረሻ ሲዘረጋ ሙጫው ይሰነጠቃል፣ በሁለት ገጽ የተዘረጋ ሥዕልም መሀሉ ይዋጥና የእንግዳው አፍንጫ እጥፋቱ ውስጥ ይቀራል። በክር የተሰፋ ጠንካራ ሽፋን ያለው ረጅም ዕድሜ አለው፣ ዋጋውም እንደዚያው ነው። ወረቀቱን ወደ ብርሃን ያዙት፤ የጀርባው ሥዕል ከታየ በካሬ ሜትር 80 ግራም የሚመዝን የኮፒ ወረቀት ሊሆን ይችላል፣ 120 እና ከዚያ በላይ ይሻላል። ክረምት ላይ በላስቲክ አሽጎ ማስቀመጥ ሻጋታ ያመጣል፤ ከውጭ ግድግዳ ራቅ ያለ ክፍት መደርደሪያ ይበቃል።

ከመግዛት ማሳተም ለሚመርጥ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 በደቡብ አፍሪካ የተጀመረው አፍሪካን ስቶሪቡክ እና እ.ኤ.አ. በ2015 ሕንድ ውስጥ የተከፈተው ስቶሪዊቨር የተባሉት ድረ ገጾች በነፃ የሚወርዱና የሚታተሙ ታሪኮች አሏቸው፤ ፈቃዱ የጸሐፊውና የሠዓሊው ስም እንዲቆይ ያዛል። የሳቁን መፈተኛ እዚህም አትዝለሉ፣ ነፃ ስለሆነ ብቻ አይታለፍም። 16 ገጽ በኤ5 መጠን ለማዘጋጀት 4 የኤ4 ወረቀት በሁለቱም ፊት ይታተማል። ማተሚያ ቤቱ «ቡክሌት» የሚለውን መርጦ ወረቀቱን በአጭሩ ጎን እንዲያዞር ንገሩት፤ በረጅሙ ካዞረው ጀርባው ሁሉ ተገልብጦ ይወጣል። የገጹ ብዛት ለ4 ካልተካፈለ ባዶ ገጽ ይተርፋል። ተራ ስቴፕለር እጥፋቱ ጋ ስለማይደርስ በመርፌ ሦስት ቀዳዳ ብሱ፦ ክሩን ከውስጥ በመሀለኛው አውጡ፣ በላይኛው አስገቡ፣ መሀለኛውን ዘልላችሁ በታችኛው አውጡ፣ በመሀለኛው መልሱና ሁለቱን ጫፎች በረጅሙ ክር ግራና ቀኝ አድርጋችሁ እሰሩ።