ተክሉን ግዙ፣ ቫዞውን ተዉት፦ ጅማ ላይ ሰኩለንት ለምትፈልጉ

ሰፈራችን መንገድ ዳር ስላለችው ችግኝ መሸጫ ነው የምጽፈው፤ ስሟን አልጠራም። የምትሸጣቸው ሰኩለንቶች (ወፍራም ቅጠላቸው ወይም ግንዳቸው ውስጥ ውሃ የሚያጠራቅሙ ተክሎች) ጤነኛ ናቸው። ኤቼቬሪያው ቅጠሉ ጥቅጥቅ ብሏል፣ የጄዱ ግንድ ወፍሯል፣ የሃዎርቲያውን ቅጠል ገለጥ አድርጌ ሳይ ያ ነጭ ጥጥ የሚመስል ተባይ የለበትም። እሱን ሳታዩ እንዳትገዙ፣ አንዱ ላይ ከገባ ቤት ያለውን ሁሉ ነው የሚያዳርሰው። የሚሸጡት ልጆች ደግሞ ትሁት ናቸው። ዩፎርቢያ የሚባለው ተክል ሲቆረጥ የሚወጣው ነጭ ወተት ዓይን እንዳይነካ ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ። ሕፃን ላለበት ቤት ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ቅር ያለኝ አፈሩ ነው። ሁሉንም የሚተክሉት በዚሁ በቀይ አፈራችን ነው። ለቡና ግሩም ነው፣ ለሰኩለንት ግን ውሃ ይይዝበታል፤ ሲደርቅ ደግሞ ድርቅ ይልና ከቫዞው ጠርዝ ይላቀቃል፣ ያጠጣችሁት ውሃም ስሩን ሳይነካ በጎን ሾልኮ ይወርዳል። አንዳንዱ ቫዞ ከስሩ ቀዳዳ እንኳ የለውም! በዓመት ከ1,400 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ በሚጥልበት ከተማ እንዲህ ተተክሎ ደጅ የዋለ ሰኩለንት ክረምቱን አይወጣም። መጀመሪያ የታችኛው ቅጠል ቢጫ ይሆንና ብርሃን ያሳልፋል፣ ጫን ሲሉት ይፈርጣል። ስሩ በስብሷል ማለት ነው። ብዙ ሰው ግን ውሃ የጠማው ይመስለውና ይጨምርበታል።

ደግነቱ አፈሩን ቀይሩልኝ ስላቸው ምንም አላንገራገሩም፤ ግማሹን ሻካራ አሸዋና ጠጠር አድርገው መልሰው ተከሉልኝ፣ ሂሳብም አልጨመሩም። ስለዚህ አትፈሩ፣ ጠይቁ። ቫዞውን ግን ገበያ ወጥታችሁ ቀዳዳ ያለውን የሸክላ ፈልጉ፣ እርጥበቱን በጎኑ ያስወጣል።

ሌላው፣ የትኛው ቤት ውስጥ ይሆናል ብዬ ስጠይቅ ሁሉም ይሆናል አሉኝ። በዚህ አልስማማም። ሃዎርቲያና ሳንሰቪየሪያ መስኮት ዳር ደህና ይኖራሉ። ኤቼቬሪያ ግን ብርሃን ካነሰው አንገቱ ይመዘዛል፣ ያ ውብ ቅርፁ ይጠፋል። ክረምቱን ብርሃን ያለው በረንዳ ላይ ከጣሪያ ስር አድርጉት፣ ዝናቡ ሲያባራ ወደ ፀሐይ አውጡት፤ ቀስ በቀስ ይሁን እንጂ፣ ድንገት ከወጣ ቅጠሉ ይቃጠላል።

ትልቁን ለመግዛት አትቸኩሉ። ከትንሿ ኤቼቬሪያ አንድ ቅጠል ከነመሠረቱ ቀንጥሳችሁ ቁስሉ እስኪደርቅ ጥላ ውስጥ ጥቂት ቀን አቆዩት፣ ከዚያ ደረቅ አፈር ላይ ጣል ማድረግ ነው፤ ሌላ ችግኝ ያወጣላችኋል።