የኤሌክትሪክ ብስክሌት ቻርጀር ሲበላሽ፦ ማስጠገን፣ ኦሪጅናሉን መግዛት ወይስ የሌላ አምራች ምርት?

ባትሪው ሳይሞላ ያደረበት ሰው ብዙውን ጊዜ በቀጥታ አዲስ ቻርጀር ወደ መፈለግ ይሄዳል። ይሁን እንጂ አሮጌውን ማስጠገን፣ የብስክሌቱ አምራች የሚያቀርበውን ኦሪጅናል መግዛት ወይም የሌላ አምራች ምርት መምረጥ ይሻል እንደሆነ መወሰን የሚቻለው ብልሽቱ የት እንዳለ ከታወቀ በኋላ ነው።

ለዚህም አንድ መልቲሜትር (ቮልቴጅ የሚለካ መሣሪያ) ይበቃል። ሶኬቱ ኃይል እንዳለው ከተረጋገጠ በኋላ ቻርጀሩ ከባትሪው ተነጥሎ የመውጫው ቮልቴጅ ይለካል። ባለ 36 ቮልት የሊቲየም አዮን ባትሪ በተከታታይ የተያያዙ 10 ሴሎች (ባትሪውን የሚሠሩት ትናንሽ ክፍሎች) ያሉት በመሆኑና እያንዳንዱ ሴል ሲሞላ 4.2 ቮልት ስለሚደርስ፣ ቻርጀሩ 42 ቮልት ገደማ ማሳየት አለበት፤ 13 ሴሎች ያሉት ባለ 48 ቮልት ባትሪ ደግሞ 54.6 ቮልት ይፈልጋል። ልኬቱ ትክክል ሆኖ ሳለ ቻርጀሩ ባዶ ባትሪ ላይ ሲሰካ አረንጓዴ መብራቱ ካልተለወጠ፣ ችግሩ በባትሪው መሙያ ቀዳዳ፣ በፊውዙ ወይም ሴሎቹን በሚቆጣጠረው ሰርኪዩት ሊሆን ስለሚችል፣ አዲስ ቻርጀር መግዛት መፍትሔ ላይሆን ይችላል። ልኬቱ ዜሮ ከሆነም ለመደምደም መቸኮል አይገባም፤ አንዳንድ ቻርጀሮች ባትሪ ካልተሰካባቸው በቀር ኃይል አይለቁም።

ጥገና የሚያዋጣው የተበላሸው ገመዱ፣ መሰኪያው ወይም ማራገቢያው ሲሆን ነው። ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው የውስጥ ክፍል) ካበጠ ወይም የውስጥ ሰሌዳው ከጠቆረ ግን እኔ ማስጠገንን አልመርጥም፤ ቮልቴጁን የሚመጥነው ክፍል በትክክል ካልተስተካከለ ባትሪውን ከልክ በላይ ሊሞላው ይችላልና። በ220 ቮልት የሚሠራ ቻርጀር ዋና ካፓሲተር ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም 310 ቮልት ገደማ ይዞ ሊቆይ ስለሚችል፣ ሙያው የሌለው ሰው ሽፋኑን መክፈት የለበትም።

ኦሪጅናሉ በዋጋ ብዙውን ጊዜ ይወደዳል፤ ነገር ግን አንዳንድ ባትሪዎች ከቻርጀራቸው ጋር መረጃ ካልተለዋወጡ ስለማይሞሉ፣ ለእነዚህ ከእሱ ሌላ ምርጫ የለም። ለቀሪዎቹ የሌላ አምራች ምርት ሊበቃ ይችላል፤ ብቻ መለያ ጽሑፉ በጥንቃቄ ይነበብ። «48 ቮልት» የሚለው ቃል ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ ለእርሳስ አሲድ ባትሪ የተሠራው ባለ 48 ቮልት ቻርጀር እስከ 59 ቮልት ገደማ፣ ባለ 16 ሴል የሊቲየም ብረት ፎስፌት ባትሪ የሚሞላበት ደግሞ 58.4 ቮልት ይሰጣል፤ ሁለቱም ለሊቲየም አዮን ባትሪ አደገኛ ናቸው፣ እሳትም ሊያስነሡ ይችላሉ። መሰኪያው ልክ ገባ ማለትም ቻርጀሩ ትክክለኛው ነው ማለት አይደለም፤ የፖዘቲቭና የኔጋቲቩ አቀማመጥ ሊገለበጥ ይችላል።

ቮልቴጁ ለድርድር ባይቀርብም አምፔሩ ላይ ምርጫ አለ። ባለ 14 አምፔር ሰዓት ባትሪ በ2 አምፔር 7 ሰዓት፣ በ4 አምፔር ደግሞ የዚያን ግማሽ ያህል ይፈጃል፤ ሊሞላ ሲቃረብ ኃይሉ እየቀነሰ ስለሚሄድ በተግባር ከዚህ ይረዝማል። ባለ 2 አምፔሩ አብዛኛውን ጊዜ ማራገቢያ የማያስፈልገውና ድምፅ የሌለው ሲሆን፣ ከፍ ያሉት ግን በማራገቢያቸው አቧራ ይስባሉ። ፈጣኑን የሚፈልግ ሰው ባትሪው የሚፈቅደውን ከፍተኛ የመሙያ አምፔር አስቀድሞ ያጣራ። ጊዜ ለማያጣድፈው ሰው እኔ ዝግተኛውን እመርጥለታለሁ።

በ80 ወይም በ90 በመቶ እንዲያቆም የሚያስችል ማብሪያ ያላቸው ቻርጀሮች የሴሎቹን ዕድሜ ስለሚያራዝሙ ለተጨማሪው ዋጋ የሚገቡ ናቸው፤ ሆኖም በብዙ ባትሪዎች ሴሎቹ የሚመጣጠኑት ወደ ሙሉ ሲቃረቡ በመሆኑ፣ አልፎ አልፎ እስከ 100 በመቶ መሙላት ያስፈልጋል።

የተገዛው የትኛውም ይሁን የትኛው፣ ባትሪው ላይ ከመሰካቱ በፊት በዚያው መልቲሜትር ይለካ፤ ከተጻፈበት ቮልቴጅ በግልጽ የሚበልጥ ከሆነ ለሻጩ ይመለስ።