የኤሌክትሪክ ብርድ ልብስ፦ ከአምስት የብርድ ወራት በኋላ

ከአንሶላ ሥር ፍራሽ ላይ የሚነጠፍ፣ ለሁለት ሰው የሚበቃ የኤሌክትሪክ ብርድ ልብስ ነው። የገዛሁት የመብራት ሒሳብ ስላስጨነቀኝ ነበር፤ መኝታ ቤታችንን ሌሊቱን ሙሉ የምናሞቀው በ2,000 ዋት ማሞቂያ ነበርና።

ብርድ ልብሱ በከፍተኛው ደረጃ 120 ዋት ይወስዳል። ማሞቂያው በሙሉ ኃይሉ በአንድ ሰዓት የሚፈጀውን ይህ በ16 ሰዓትም አይጨርሰውም። ሶኬት ላይ በሚሰካ መለኪያ ስለካው ማሞቂያው እየበራና እየጠፋ በአንድ ሌሊት 7 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበላል፤ ብርድ ልብሱ ግማሽ ኪሎዋት ሰዓትም አልሞላ። ማሞቂያው አየሩንና ግድግዳውን አሙቆ ነው እኛ ጋ የሚደርሰው፤ ያም ሙቀት በመስኮትና በበር ሥር ይሾልካል። በነገራችን ላይ፣ ተራ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ባለ ዘይትም ሆነ ባለ ማራገቢያ ከአንድ ኪሎዋት ሰዓት የሚሰጠው ሙቀት እኩል ነው። ይህን ቀድሜ ባውቅ ኖሮ «ቆጣቢ» የተባለውን ሁሉ እየገዛሁ ገንዘቤን አላባክንም ነበር።

ከመተኛታችን ግማሽ ሰዓት በፊት በከፍተኛው እናበራዋለን፣ ስንገባ ወደ 1 እናወርደዋለን። ታይመሩ ራሱ ያጠፋዋል። ታይመር የሌለውን ማንም እንዲገዛ አልመክርም።

ችግሩ የታየኝ በሁለተኛው ወር ነው። ክፍሉን ጨርሶ ማሞቅ ስለተውን ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ያለው ግድግዳ ረጥቦ ሻጋታ ጀመረው። ቁም ሳጥኑን ከግድግዳው ፈቀቅ አደረግሁት፤ ጠዋት ጠዋት መስኮቱን ለጥቂት ደቂቃ ከፍተን አየር እንቀይራለን፣ ቀን ላይም ማሞቂያውን አንድ ሰዓት ያህል እናበራለን። ቁጠባው ትንሽ ቀነሰ፤ ግድግዳው ግን ደረቀ።

ለእማዬ ግን አላነጠፍኩላትም። ስኳር ስላለባት እግሯ ይደነዝዛል፤ ሙቀቱ ቢበዛ ሳይታወቃት ሊያቃጥላት ይችላል። ሌሊት ስትነሳም ከአልጋው ውጭ ያለው ብርድ ያው ብርድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በብርድ ወቅት የቤት ውስጥ ሙቀት ከ18 ዲግሪ እንዳይወርድ ይመክራል፣ ለአረጋውያን ደግሞ ከዚያም ከፍ ቢል ይመረጣል። ስለዚህ የእሷ ክፍል ማሞቂያ አልጠፋም። እዚያ የቆጠብኩት የበሩን ሥር በጨርቅ በመድፈንና ማታ መጋረጃውን በጊዜ በመዝጋት ብቻ ነው፤ በእሷ ጤና ከዚያ በላይ መቆጠብ አልፈልግም።

ዕቃው እስካሁን አልተበላሸም። መቆጣጠሪያው ላይ ያለው መብራት ግን ለጨለማ ክፍል በጣም ደማቅ ስለሆነ ፕላስተር ለጥፌበታለሁ። ገመዱ አጭር ነው፤ ማከፋፈያ ላይ ከመሰካት ይልቅ አልጋውን ወደ ሶኬቱ አስጠጋሁት።

አሁን ብርዱ ስላለፈ አንስቼዋለሁ። ውስጡ ያለው ሽቦ እንዳይሰበር አላጠፍኩትም፤ ላላ አድርጌ ጠቅልዬ ምንም ዕቃ የማይጫንበት ቦታ አስቀመጥኩት። ለሚመጣው ብርድ ከማንጠፌ በፊት ዘርግቼ የጠቆረ ወይም የተጣመመ ሽቦ እንዳለ አያለሁ፤ ካገኘሁ እጥለዋለሁ።