ገና ሳይፈርስ ቤታችንን ጨርሳ ላየችልን ዲዛይነር ምስጋና

ይህን የምጽፈው ቤታችንን ስናድስ አብራን የሠራችውን የውስጥ ዲዛይነር በአደባባይ ለማመስገን ነው። ስሟ እዚህ እንዲወጣ አልፈለገችም፤ ፈቃዷን አከብራለሁ። ስልኳን ግን በውስጥ መስመር ለሚጠይቀኝ ሁሉ እንድሰጥ ፈቅዳልኛለች። ቤት ለማደስ ያሰበ ሰው ካለ መዶሻ ከማንሳቱ በፊት ያናግራት።

ቤቱ አምሯል። ከማማሩ በላይ ግን የማመሰግናት ሥራው ስለሄደበት መንገድ ነው። አንዴ የተለሰነ ግድግዳ ለሶኬት ተብሎ እንደገና አልተቦረቦረም። የተነጠፈ ሴራሚክ አልተነሳም። ዕቃ ጠፍቶ ሠራተኛ እጁን አጣጥፎ የተቀመጠበት ቀን አልነበረም። በእድሳት ያለፈ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል። ትልልቆቹ ውሳኔዎች በሙሉ አንድ ብሎኬት ሳይነካ አልቀው ነበር። ሐሳባችንን ስንቀያይር አትሰለችም። «ወረቀት ላይ ስትቀይሩ የሚደክመው የእኔ እጅ ብቻ ነው፤ አሁኑኑ ቀይሩ» ትለን ነበር።

መጀመሪያ ስትመጣ ስለ ቀለም አንድም ነገር አላነሳችም። ጠዋት ማን ቀድሞ ይነሳል? ልብስ የት ታጥቦ የት ይሰጣል? ልጆቹ የት ያጠናሉ? እንግዳ ሲበዛ ማን ወዴት ይሄዳል? እናቴ ከእኛ ጋር ስለሚኖሩ ጎናቸው ተቀምጣ ለብቻቸው አወራቻቸው። «እማማ፣ ሌሊት ሲነሱ መብራቱን ከየት ሆነው ነው የሚያበሩት?» አለቻቸው። እናቴ በጨለማ ግድግዳ እየዳበሱ እስከ በሩ እንደሚሄዱ ነገሯት። እኛ ይህን አናውቅም ነበር። ከዚያች ጥያቄ በኋላ አልጋቸው አጠገብ ማብሪያ ገባ። ኮሪደሩ ላይ ደግሞ ከሁለቱም ጫፍ የሚበራና የሚጠፋ መብራት በፕላኑ ላይ ተሳለ። የመታጠቢያ ቤታቸው በር ስፋቱ 90 ሴንቲ እንዲሆን ተወሰነ፤ ምርኩዝ ወይም ተሽከርካሪ ወንበር ቢያስፈልግ እንዲያሳልፍ። ስለዚህ ብቻ እንኳ ባመሰግናት አይበዛባትም።

ከዚያ ልኬት ጀመረች። የክፍሉን ርዝመትና ስፋት ብቻ አልነበረም የለካችው። በሰያፍም ከጥግ እስከ ጥግ ለካች። ሁለቱ ሰያፎች እኩል ካልሆኑ ክፍሉ ጠማማ ነው፤ ጠማማ ክፍል ውስጥ ደግሞ ሴራሚኩም ካቢኔቱም ጥግ ላይ ሲደርሱ ይጣላሉ። የወለሉን ከፍታ ከክፍል ክፍል በውሃ ልክ አየች። ኮርኒሱን በአንድ በኩል አስከፍታ ከላይ ያለውን ቢም (ጭነት የሚሸከመውን አግዳሚ) እና የመብራት መስመር አየች። እርጥበት ያለበትን ግድግዳ፣ የቆጣሪውንና የብሬከሩን ቦታ፣ የፍሳሹን መውጫ፣ ሁሉንም ፕላኑ ላይ አሰፈረች።

እኛ ኩሽናውንና ሳሎኑን የሚለየው ግድግዳ እንዲፈርስ ነበር የምንፈልገው። ብዙ ባለሙያ ግድግዳውን በጣቱ ኳ ኳ አድርጎ «ይሄማ ይፈርሳል» ይላል። እሷ እንደዚያ አላለችም። በኮለን (በቋሚ ምሰሶ) እና በቢም የቆመ ቤት ውስጥ በመሀል የተሞላ ብሎኬት አብዛኛውን ጊዜ ጭነት አይሸከምም። ግድግዳው ራሱ ጣሪያውን በተሸከመበት ቤት ግን ያለ ድጋፍ ማፍረስ አደጋ ነው። ስለዚህ የስትራክቸር መሐንዲስ መጥተው እንዲያዩት ለመነችን። እሳቸውም ሙሉውን ሳይሆን መሀሉን መክፈት እንደሚቻል፣ ከላዩም ቢም እንደሚያስፈልግ በጽሑፍ ሰጡን። ኩሽናው በዚያ ክፍተት ልክ ተነደፈ። አሁን ሳየው እንደዚያ ሆኖ የተወለደ ይመስላል።

ባለቤቴ ደግሞ የሽንት ቤት መቀመጫው ወደ ማዶው ግድግዳ እንዲዞር ፈልጋ ነበር። ዲዛይነሯ እምቢ አላለችም፤ ቁጭ ብላ አሰላችልን። የመቀመጫው ፍሳሽ አብዛኛውን ጊዜ በ110 ሚሊ ሜትር ቱቦ ነው የሚሄደው። ቱቦው ደግሞ በየሜትሩ ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ዝቅ እያለ መሄድ አለበት። 4 ሜትር ርቀት በ2 ሴንቲ ሲሰላ 8 ሴንቲ ነው። የቱቦው ውፍረት ሲጨመርበት ወለሉ ከፍ ብሎ መግቢያው ላይ ደረጃ ሊሠራ ነው። እናቴ በሚገቡበት ክፍል! መቀመጫው ባለበት ቀረ። በምትኩ የእጅ መታጠቢያው ዞረ፤ የእሱ ቱቦ ቀጭን ስለሆነ ግድግዳ ውስጥ ይገባል። ባለቤቴ የፈለገችው ሰፋ ያለ ቦታም ተገኘ። እርጥብ ክፍሎችን ከፍሳሹ መውጫ ሳታርቁ አቆዩ የሚለው ምክሯ ከሁሉም በላይ ሥራና ወጪ ያዳነልን ይመስለኛል።

ኤሌክትሪኩ የተነደፈው ከቤት ዕቃው በኋላ ነው። ብዙ ቦታ ተቃራኒው ነው የሚደረገው። እሷ ግን አልጋው፣ ቁምሳጥኑ፣ ሶፋው፣ የጥናት ጠረጴዛው በትክክለኛ ልካቸው ፕላኑ ላይ እስኪቀመጡ ድረስ አንድ ሶኬት አልሳለችም። ቁምሳጥን ጀርባ የተደበቀ ሶኬት የለንም። በር ሲከፈት የሚሸፈን ማብሪያም የለንም፤ በሮቹ ወደየት እንደሚከፈቱ ቀድሞ ተወስኖ ነበር። ለምድጃውና ለቦይለሩ የየራሳቸው መስመርና ብሬከር ተመደበላቸው። የሽቦው ውፍረት የሚወሰነው ዕቃው በሚስበው ኃይል ነውና ዕቃውን ሳናውቅ ሽቦ አንገዛም አለች። ልክ ነበረች።

ኩሽናው ላይም እንዲሁ ነው። ካቢኔቱ ከመሳሉ በፊት ፍሪጁን፣ ምድጃውንና ሲንኩን አስመረጠችን። ፍሪጅ አየር የሚያገኝበት ክፍተት ይፈልጋል፤ በሩም ግድግዳ ሳይነካ ሙሉ ለሙሉ መከፈት አለበት። ይህ ካልታሰበበት የውስጡ መሳቢያ አይወጣም። የመሥሪያ ጠረጴዛው ከፍታ አብዛኛው ቦታ 90 ሴንቲ አካባቢ ነው። እሷ ግን ባለቤቴን አቁማ ከወለል እስከ ክርኗ ለካች፤ ከክርን ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ዝቅ ሲል ወገብ አይታመምም ብላ። ፊት ለፊት ባሉት ካቢኔቶች መሀል 120 ሴንቲ ተተወ። ሁለት ሰው ጀርባ ለጀርባ ይሠራል፣ አይጋጭም።

ስለ ወለሉ ትንሽ ልቆይ፤ ይህን አስቀድሞ የሚያስብ ሰው ብዙም አልገጠመኝም። ሳሎን ላይ ሴራሚክ፣ መኝታ ላይ ላሚኔት (እንጨት መሰል ንጣፍ) መርጠናል። ሴራሚክ ከነማጣበቂያው አንድ ሴንቲ ተኩል ገደማ ይይዛል። የእኛ ላሚኔት ከነሥረ ንጣፉ አንድ ሴንቲ ብቻ ነው። ሊሾው (ከንጣፉ ሥር የሚፈሰው ሲሚንቶ) በሁለቱም ክፍል እኩል ቢፈስ በሩ ሥር እግር የሚመታ እርከን ይቀር ነበር። እሷ ያለቀለትን ወለል ከፍታ አንድ መስመር አድርጋ አሰመረች። ከዚያ ወደ ታች ቆጥራ የየክፍሉን ሊሾ ውፍረት ሰጠች። በሮቹም የታዘዙት በዚያው መስመር ነው፤ አንዱም በር ሥሩ አልተላገም። እናቴ ከክፍል ክፍል ሲሄዱ እግራቸው የሚያነሱበት ቦታ የለም።

ዲዛይኑ ሲያልቅ በክፍል በክፍሉ የተጻፈ ዝርዝር ሰጠችን። የዕቃው ዓይነት፣ ልክ፣ ቀለም፣ ማን እንደሚገዛውና መቼ ሳይት ላይ መድረስ እንዳለበት። ግድግዳ ውስጥ የሚቀበረው የሻወር ሚክሰር (ሙቅና ቀዝቃዛ ውሃ የሚያደባልቀው) ከልስን በፊት መገኘት አለበት። መስኮት የሚለካው ክፍተቱ ከተስተካከለ በኋላ ነው፤ ካቢኔት ደግሞ ከልስን በኋላ። ሴራሚክ 10 በመቶ ተጨምሮ፣ ካርቶኑ ላይ ያለው የምርት ቁጥር ተመሳሳይ መሆኑ ታይቶ ይገዛል። ቁጥሩ ከተለያየ ቀለሙ ሊለያይ ይችላል፤ ከተጨመረው የተረፈው ደግሞ ከዓመት በኋላ አንዱ ቢሰበር መለዋወጫ ይሆናል። መታጠቢያ ቤቱ ሴራሚክ ከመለበሱ በፊት ውሃ መከላከያው ተቀብቶ፣ ወለሉ ላይ ውሃ ተጠራቅሞ 24 ሰዓት እንዲቆይ የሚለውም እዚያው ተጽፎ ነበር። ተደረገ፣ አላፈሰሰም።

ሌላ ያስገደደችን ነገር መጠባበቂያ ነው። ከጠቅላላው ወጪ ከ10 እስከ 20 በመቶ ለብቻው ይቀመጥ፣ ለጌጥ አይነካ አለች። ሲፈርስ የመታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ውስጥ የዛገ አሮጌ የውሃ ቧንቧ ተገኘ። ማንም ሊያየው የማይችል ነገር ነው። ገንዘቡ ስለነበር፣ አዲሱ መስመር በየት እንደሚሄድም ፕላኑ ላይ ስለነበር ያው ሠራተኛ ቀየረው፤ ሌላው ሥራ አልቆመም።

የሠራተኞቹ ነገር ሳይነሳ ማለፍ አልፈልግም። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ኤሌክትሪሺያኑን፣ የቧንቧ ሠራተኛውን፣ ሴራሚክ ሠሪውንና አናጺውን አንድ ላይ ሰብስባ ፕላኑን ዘረጋችላቸው። አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ጨርሶ ሲሄድ ነው ሌላው መጥቶ የሠራውን የሚያፈርሰው። እዚህ ግን ሁሉም ፊት ለፊት ተነጋገሩ። ሴራሚክ ሠሪው «ከመስኮቱ በኩል ብጀምር ተቆራጩ በሩ ጀርባ ይውላል» አለ። እሷም ወዲያው ሥዕሏን አስተካከለች። «አንተ ነህ የምታውቀው» አለችው። ሰውየው ከዚያ በኋላ የሠራው ሥራ በፍቅር የተሠራ ነው፤ መስመሩን ያየ ሁሉ ይጠይቀናል። እነሱንም ሁሉ ከልብ አመሰግናለሁ። ልስን ከመመታቱ በፊት ሜትር ግድግዳው ላይ ተዘርግቶ የየመስመሩን ፎቶ ያነሳልን ኤሌክትሪሺያኑ ነው። ዛሬ ሚስማር ስንመታ ፎቶውን አይተን ነው።

ለሚደውልላት ሰው ጥቂት ነገር ልንገር። መጀመሪያው ዘገም ይላል። ጎረቤት «መቼ ነው የምትጀምሩት?» እያለ እሷ ገና ትጠይቃለች፣ ትለካለች፣ ትስላለች። ነገ ይፍረስልኝ ለሚል ሰው አትመችም። ለፕላኑ ለብቻው ታስከፍላለች፤ ምን ምን እንደሚያካትትም በጽሑፍ ትሰጣለች። መሀል ላይ ለውጥ ከተፈለገ ወጪውንና የሚጨምረውን ጊዜ ጽፋ ሳታስፈርም አትቀጥልም። ዕቃ ከማን እንደምትገዙ አትጫናችሁም፤ ልኩንና ጥራቱን ነው የምትቆጣጠረው።

ስትደውሉላት የቤቱ የድሮ ፕላን ካለ ፈልጉት። የማትጥሏቸውን ትልልቅ የቤት ዕቃዎች ልክ ያዙ። ቤት ውስጥ የሚኖር ሰው ሁሉ፣ ትልቁም ትንሹም፣ የመጀመሪያው ቀን ቢገኝላት ደስ ይላታል። ኩሽና ብቻ ወይም መታጠቢያ ቤት ብቻ ለሚያድስም ትሠራለች። በአንድ ጊዜ ብዙ ቤት ስለማትይዝ ግን ወረፋ አላት፤ ቀደም ብላችሁ ደውሉላት።