የሶን ቤት ወይስ ቁጥር 1 ሮያል ክረሰንት?

እንግሊዝ ውስጥ አንድ ጥንታዊ የከተማ ቤት ብቻ ለማየት ጊዜ ያለው ሰው የትኛውን ይምረጥ? ሁለቱም በሕግ የተጠበቁ ናቸው።

ወጪ፦ ለንደን ያለው የሰር ጆን ሶን ቤት መግቢያው ነጻ ነው፤ ባዝ ከተማ ያለው ቁጥር 1 ሮያል ክረሰንት ያስከፍላል።

አሠራር፦ ቁጥር 1፣ ግንባታቸው እ.ኤ.አ. በ1767 ከተጀመረውና በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ከተሰለፉት 30 ቤቶች የመጀመሪያው ነው፤ የድንጋዩ መልክ ማር ይመስላል። አርክቴክቱ ሶን ግን ቤቱን ደጋግሞ እያፈረሰ ሠራው። የሥዕል ክፍሉ ግድግዳ እንደ መስኮት መዝጊያ ሲከፈት ከኋላው ሌሎች ሥዕሎች ብቅ ይላሉ፤ እንዲህ ያለ ብልኀት ሌላ ቦታ አላየሁም! ምድር ቤቱ ደግሞ የፈርዖን ቀዳማዊ ሴቲን የአልባስጥሮስ የሬሳ ሣጥን ይዟል።

ምቾት፦ የሶን መተላለፊያዎች ጠባብ ናቸው።

በ18ኛው ክፍለ ዘመን ባለጸጋና አገልጋይ እንዴት ይኖሩ እንደነበር ለሚጠይቅ፣ ባዝ። ብርሃንና ቦታ በአንድ አርክቴክት እጅ ምን እንደሚሆኑ ለሚጓጓ፣ ለንደን።