ሢመት ለማን ነው? ለክህነት እጩዎች የተዘጋጀ የድምፅ ትምህርት ግምገማ

ለዲቁና የሚዘጋጅ አንድ ወዳጄ የሚከታተለውን፣ ስለ ክህነትና ስለ ሢመት (ለክህነት ስለ መሾም) የተዘጋጀ የ10 ክፍል የድምፅ ትምህርት አብሬው አዳምጬ ጨረስሁ። እያንዳንዱ ክፍል 40 ደቂቃ ያህል የሚፈጅ ሲሆን፣ መጨረሻው ላይ እጩው በጽሑፍ የሚመልሳቸው ጥያቄዎች አሉት። ትምህርቱ ለማንኛውም እጩ እንደሚጠቅም አልጠራጠርም፤ ነገር ግን እጅግ ሊያሰፋው የሚገባውን አንድ ክፍል በችኮላ ስላለፈው፣ ብቻውን የሚያዳምጠው ሰው ክህነትን በጎደለ መልኩ እንዳይረዳ እሰጋለሁ።

ከሁሉ የላቀው ክፍል 3 ነው። መምህሩ የሚተርከው በ4ኛው መቶ ዘመን ስለ ነበረው የቤተ ክርስቲያን አባት ስለ ጎርጎርዮስ ዘእንዚናዙ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ361 አካባቢ ኤጲስ ቆጶስ የነበረው አባቱ ሳይወድ ቅስና ሲሾመው፣ ሸክሙን ፈርቶ ወደ ወዳጁ ወደ ባስልዮስ፣ በጥቁር ባሕር ዳርቻ ወዳለው አገር ወደ ጳንጦስ ሸሸ፤ በ362 ለፋሲካ ተመልሶም ለምን እንደ ሸሸና ለምን እንደ ተመለሰ በሰፊው አስረዳ። ነፍስን የሚያክም ሰው ሥጋን ከሚያክም ሐኪም ይልቅ ብርቱ ጥበብ እንደሚያስፈልገው የተናገረው በዚሁ ነው። መምህሩ ታሪኩን አያጣድፈውም፣ ለስብከት ማሳመሪያም አያደርገውም፤ ፍርሃቱ የትሕትና ማስመሰያ ሳይሆን እውነተኛ እንደ ነበረ በትዕግሥት ያሳያል። ወዳጄ በመጀመሪያው ቀን «ካህን መሆን የፈለግኸው ለምንድን ነው?» ለሚለው ጥያቄ ሦስት መስመር ጽፎ ነበር። ይህን ክፍል ሰምቶ ሲጨርስ ወረቀቱን አውጥቶ፣ ስለ ወላጆቹ ደስታና ስለ ድምፁ ማማር የጻፋቸውን ሁለቱን መስመሮች ሰረዘ፤ የቀረው ሕሙማንን ስለ መጠየቅ የጻፈው ብቻ ነበር።

ክፍል 5 ስለ ቀኖናት፣ ማለትም ጉባኤያት ስለ ደነገጓቸው የቤተ ክርስቲያን ሕጎች ነው፤ ርእሱ ደረቅ ቢመስልም እኔን ይበልጥ ያስተማረኝ እርሱ ነው። በ325 የተደረገው የኒቅያ ጉባኤ በ4ኛው ቀኖናው፣ ኤጲስ ቆጶስ ሲሾም ቢያንስ ሦስት ኤጲስ ቆጶሳት እንዲገኙ ይደነግጋል፤ በ15ኛው ደግሞ ኤጲስ ቆጶስም ሆነ ቄስ ወይም ዲያቆን ከከተማ ወደ ከተማ እንዳይዛወር ይከለክላል። በ451 የተደረገው የኬልቄዶን ጉባኤም፣ የሃይማኖት ውሳኔውን የማይቀበሉ አብያተ ክርስቲያናት መኖራቸው እንደ ተጠበቀ ሆኖ፣ በ6ኛው ቀኖናው ለተለየ ቤተ ክርስቲያን ወይም ገዳም ሳይመደብ ማንም እንዳይሾም አዝዟል። መምህሩ እነዚህን አያይዞ ሲያብራራ፣ ሢመት አንድ ሰው ለራሱ የሚይዘው ማዕረግ ሳይሆን ከታወቀ መንጋ ጋር የሚተሳሰርበት አደራ መሆኑ ግልጽ ይሆናል።

ስለ ክህነት ደረጃዎች የሚናገሩት ሁለት ክፍሎች በማንኛውም የመማሪያ መጽሐፍ የሚገኘውን ይደግማሉ፤ የድምፁ ጥራትም ደኅና ነው።

ቅሬታዬ ክፍል 8 ላይ ነው። ርእሱ «ምእመናንና ካህኑ» ሲሆን፣ በአንድ የሢመት ሥርዓት ላይ የተቀዳ ድምፅ ያሰማል፤ ሕዝቡ በግሪክ ቋንቋ «አክሲዮስ»፣ ማለትም «ይገባዋል» እያለ ሦስት ጊዜ ሲጮኽ ይሰማል። መምህሩ ግን ስለዚህ ጩኸት አንድም ቃል ሳይናገር ምእመናን ለካህናት ስለሚገባቸው ታዛዥነት ወደ መዘርዘር ያልፋል። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 ሐዋርያት እጃቸውን ከመጫናቸው በፊት በመልካም የተመሰከረላቸውን ሰባት ሰዎች እንዲመርጡ የነገሩት ሕዝቡን ነበር፤ ጴጥሮስም በመጀመሪያ መልእክቱ ምዕራፍ 2 ቁጥር 9 «የንጉሥ ካህናት» ያለው ምእመናንን ሁሉ ነው። የሰሜን አፍሪካው ኤጲስ ቆጶስ አውግስጢኖስ ለምእመናኑ፣ ለእነርሱ ኤጲስ ቆጶስ፣ ከእነርሱ ጋር ግን ክርስቲያን መሆኑን የተናገረውንም በዚህ ቦታ እሰማለሁ ብዬ ጠብቄ ነበር። በክፍል 5 ያን ያህል የደከመ መምህር፣ ካህኑ የሚታሰርለትን ሕዝብ ዝም ብሎ የሚቀበል አድማጭ ብቻ ማድረጉ አሳዝኖኛል።

ወዳጄ የዚህን ክፍል ጥያቄዎች በአጥቢያው ለብዙ ዓመታት ላገለገሉ አንዲት እናት አሳያቸው። «የምእመናን ድርሻ ምንድን ነው?» በሚለው ሥር «መታዘዝ» ብሎ መጻፉን አይተው፣ «ልጄ፣ ስለ አንተ የምንመሰክረውስ እኛ አይደለንም?» አሉት፤ እርሱም «መመስከር» የሚለውን ጨመረበት። ትምህርቱን የሚገዛ እጩ ክፍል 3ንና ክፍል 5ን ደጋግሞ ይስማ፤ ክፍል 8ን ግን እንዲህ ካለ ሰው ጋር ተቀምጦ ያዳምጠው።